ቡናው ሰነድ አለው፣ ልጅቱስ?

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከሰቃ አንድ ጆንያ ቡና ተጭኖ ሲወጣ ማን እንደሸጠው፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ይመዘገባል። ናሙናው ተቆልቶና ተቀምሶ ነጥብ ይሰጠዋል። ያለ ሰነድ ቡና የጫነ አይሱዙ ኬላ ላይ ከተያዘ ሹፌሩም ባለቤቱም ወዮላቸው። መንግሥት በቡና ቀልድ አያውቅም፤ ዶላር ነዋ!

በዚሁ መንገድ በማለዳ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈረው የአጋሮ ልጅ ግን ኬላው ላይ ማንም አይጠይቃትም። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ቢሆን ፓስፖርቷ ሃያ አራት ይላል። የሚልካት ደላላ የሰፈር ሰው ነው፤ ብር ይቀበላል እንጂ ደረሰኝ አይሰጥም። ቤይሩት ትግባ ሪያድ፣ ዱባይ ትግባ ሰንዓ፣ ለመሆኑ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ስሟን መዝግቦ የያዘው?

መሄዳቸውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንጽፈው። ቡና ዓመት ጠብቆ ነው የሚደርሰው። ክረምት ሲገባ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል፣ የመጪው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። አባት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆመው ያኔ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ እንጦርጦስ ሲወርድ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። እናት መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ቡና ስትለቅም ውላ በምታገኘው የቀን ሒሳብ ቤት አይቆምም። እናም በሬው ይሸጣል፣ ብድር ይገባል፣ አንዳንዷ በዑምራ ቪዛ፣ አንዳንዷ በበረሃ ትሄዳለች። ሥራ ፍለጋ ነው፤ ነውር የለበትም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። የሄደችበት አገር በቦምብ ሲናወጥ ማን አላት?

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. እስራኤል ሊባኖስን ስትደበድብ ብዙ አሠሪዎች ሸሽተው ሠራተኞቻቸውን ጥለዋል። መጋቢት 2007 የመን ላይ የአየር ድብደባ ሲጀመር በዚያ የነበሩት ወገኖቻችን መሄጃ ጠፋቸው። መስከረም 2017 ደግሞ በደቡብ ሊባኖስና በቤይሩት ዳርቻ ቦምብ ሲወርድ ያው ታሪክ ተደገመ። ማዳም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሠራተኛዋን ቤት እንድትጠብቅ ቆልፋባት ሄደች። ያልተቆለፈባት መንገድ ዳር ተጣለች። መጠለያ ስትሄድ "ቦታ የለም፣ ይሄ ለሊባኖሳውያን ነው" የተባለች አለች። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ራሱ በአደባባይ የተናገረው ነው። ፓስፖርቷ እኮ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው! በከፋላ ሥርዓት አሠሪዋ ካልፈቀደ አገር ለቃ መውጣት አትችልም፤ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይመለከትም።

ነሐሴ 2013 ካቡል በታሊባን እጅ ስትወድቅ ኃያላኑ አውሮፕላን አሰልፈው ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አወጡ። ለቀሩት የአፍጋን ሴቶች ዓለም አለቀሰ፤ ሊያለቅስም ይገባል፣ ትምህርት ቤቱም ሥራውም ተዘግቶባቸዋል። የእኛዎቹን ግን ማን አየ? አውሮፕላን የለንም እንዳይባል የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የማን ሆነና!

ቤይሩት ያለው የቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን በር ብዙ አይቷል። በ2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ እዚያው በር ላይ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትጣል ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተ፤ ከቀናት በኋላ መጋቢት 5 ቀን በአእምሮ ሆስፒታል ሞተች። ግንቦትና ሰኔ 2012 ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን በታክሲ እያመጡ እዚያው አስፋልት ላይ ጣሏቸው። ልጆቻችን የገዛ አገራቸው ደጃፍ ላይ ካርቶን አንጥፈው አደሩ።

መንግሥትስ? በ2000 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ መሄድ ተከልክሎ ነበር፤ ዓለም ግን ከዚያ በኋላ ነው የሄደችው። ጥቅምት 2006 ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድ በሙሉ ተከለከለ፤ ደላላው በለጸገ። እገዳው በ2010 ሲነሳ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሁለትዮሽ ስምምነት ወደሌለበት አገር ሠራተኛ አይላክም ይል ነበር። በ2015 ደግሞ አምስት መቶ ሺህ ያህል ሠራተኛ ወደ ሳውዲ ለመላክ ዘመቻ ተጀመረ። ለመላክ ሲሆን እቅድ አለ፣ ኮታ አለ፣ ስብሰባ አለ። ለማውጣት ሲሆንስ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል ያገሬ ሰው።

ሳውዲ በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ጠርፋ ስትመልስ ቦሌ ላይ አቀባበሉ ጥሩ ነበር እንበል። ጅማ ስትደርስስ? በሬው የለም፣ አራጣው ወልዷል፣ ጎረቤት "ምን ይዛ መጣች?" ይላል። አእምሮዋ የተነካባትን ቤተሰብ ይደብቃታል፤ ሌላዋ ወር ሳይሞላት ያንኑ ደላላ ፍለጋ ትወጣለች።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመልስልን። ጦርነት ሲነሳ የትኬቱን ገንዘብ የሚከፍለው ማነው? ኤጀንሲው ያስያዘው ዋስትና ነው፣ መንግሥት ነው ወይስ በሬውን የሸጠው አባት? ያለ ፓስፖርት የቀረችውን መሸኛ ወረቀት በስንት ቀን ነው የምትሰጧት? ለጅማ ዞን አስተዳደርም ጥያቄ አለን፦ መስከረም 2017 ቤይሩት የነበሩ የአጋሮ፣ የሊሙና የሰቃ ልጆች ስንት ነበሩ? ስንቱ ተመለሱ? ዝርዝሩ ካለ በየወረዳው ይለጠፍ። ከሌለም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይመዝገብ፤ ወላጆች የልጃቸውን ስምና የአሠሪዋን ስልክ ይዘው ቀበሌ ለመሄድ ቀስቃሽ አያስፈልጋቸውም።