መጨረሻው ያማረ ፍቅር ምን በደለ?

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ ልብ ወለዶችንና ፊልሞችን የምንወድ ሰዎች ሁሌ የምትቀርብብን አንዲት ክስ አለች፦ «እናንተ እኮ የምትፈልጉት ጥበብ ሳይሆን ከረሜላ ነው። ቁም ነገር ያለው ታሪክ ያስለቅሳል።» ከሳሾቹ ብዙ ጊዜ ጠላቶቻችን አይደሉም። ብዙ ያነበቡ፣ «ብሮክባክ ማውንቴን» ሲነሳ ድምፃቸው የሚለዝብ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ክሱ ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ።

በሙያዬ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። አንድ ፕሮግራም ምንም ብታስገቡለት መልሱ ሁሌ አንድ ከሆነ፣ አስልቶ አይደለም የመለሰው፤ መልሱን አስቀድሞ የጻፈለት ሰው አለ። የእነዚህ ፍቅረኞች መከራም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ማሪጄን ሚከር በብዕር ስም «ስፕሪንግ ፋየር»ን ስታሳትም፣ ሁለቱ ሴቶች በደስታ መጨረስ እንደማይችሉ አርታኢዋ ነገራት። ምክንያቱ የውበት ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ፤ ፖስታ ቤት መጽሐፉን ይወርሰዋል የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ አንዷ አእምሮዋን ስታ ሆስፒታል ትገባለች፣ ሌላዋ ድሮም እንዳልወደደቻት «ይገባታል»። በቃ። ጥልቀት የሚባለው ይሄ ነው እንግዲህ?

በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «ዘ ፕራይስ ኦቭ ሶልት»ን አወጣች፤ እሷም በብዕር ስም። ካሮልና ቴሬዝ ግን አይሞቱም፣ አያብዱም። ካሮል ልጇን የማሳደግ መብቷን ታጣለች፤ ከረሜላው የቱ ጋ ነው? ቢሆንም መጨረሻው ላይ በሩ ክፍት ይቀራል። ለዚያ ክፍት በር የአንባቢ ደብዳቤ ለዓመታት ጎረፈ። ደራሲዋ መጽሐፉን በራሷ ስም ያወጣችው በ1990 ነው፤ በ2015 ቶድ ሄይንስ «ካሮል» ብሎ ፊልም ሲያደርገውም በሩን አልዘጋውም። የዛሬ አድናቂዎች የእነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ልጆች ነን።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ «ጃምቡላ ትሪ» በተባለ አጭር ልብ ወለድ በ2007 የኬይን ሽልማትን አገኘች። እዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ልጃገረዶች ይለያያሉ፤ የቀረችው ለሄደችው ትጽፋለች። ዋኑሪ ካሂዩ ከዚያ ተነስታ «ራፊኪ»ን ሠራች፤ በ2018 ለካን ፌስቲቫል የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። ልጆቹ እዚያም በመንጋ ይደበደባሉ። ግን ፊልሙ በዱላው አያበቃም። የአገሩ የፊልም ቦርድ አገደው። ዳይሬክተሯ እንደተናገረችው፣ ቦርዱ የፈለገው መጨረሻውን እንድትቀይር ነበር፤ ተስፋው በዛ፣ ጸጸት የለበትም ተብሎ።

ልብ በሉ! ዱላው ይቆረጥ አልተባለም፤ ተስፋው ነው ያስቸገረው። ሃያሲዎቻችን ያልገባቸው ነገር ለሳንሱሩ ገብቶታል። እነዚህ ፍቅረኞች ሲያለቅሱና ሲቀበሩ ለማየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሥርዓት የለም፤ የሚያስፈራው በሕይወት መቆየታቸው ነው። ፍርድ ቤት እገዳውን ለ7 ቀን ብቻ ሲያነሳ ናይሮቢ ላይ ትኬቱ አለቀ። ያ ሁሉ ሰው የተሰለፈው ለከረሜላ ነው?

«የእኛስ ትልቁ ልብ ወለድ በመቃብር አይደል የሚያልቀው?» ይሉኛል። ያልቃል። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ለፍርድ ያቆሙት ሰብለንና በዛብህን አይደለም፤ የዘር ኩራትን ነው። ደግሞም የወንድና የሴት ፍቅር በሠርግም፣ በልጅም፣ አብሮ በማርጀትም ሲያልቅ አንብበናል። መቃብሩ ከብዙ መጨረሻዎች አንዱ ነው። ለእነዚያኛዎቹ ግን በአሳታሚ ትእዛዝ የተሰጣቸው እሱ ብቻ ነበር።

ደስ የሚል መጨረሻ ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ታሪኩ ያልደከመበትን ደስታ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚለጥፍ ደራሲ ሰነፍ ነው፤ ያላሳየንን ሞት የሚለጥፍም እንደዚያው። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መዝኑ ነው የምለው። ጄን ኦስተን ጨርሳ የጻፈቻቸውን ስድስቱንም ልብ ወለዶች በጋብቻ ደመደመች። እነዚሁ ከሳሾቻችን በአክብሮት ያነቧታል፤ ከረሜላ ሻጭ ሲሏት ግን ሰምቼ አላውቅም።