ሕግ እንወቅ፦ ልጅ ቀጥሮ ማሠራትና ቅጣቱ

ዛሬ የምናነበው ስለ ልጅ ቅጥር ነው።

በመካነ ሰላም ገበያ ዕቃ የሚሸከሙ ልጆች አሉ። በሻይ ቤቱ ብርጭቆ የሚያጥቡ አሉ። ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ደጋ ስንወጣ ደግሞ በውርጭ የሰው ከብት የሚጠብቅ የቅጥር እረኛ እናገኛለን። ልጅ ወላጁን ማገዙ ነውር አይደለም። ውኃ ይቅዳ፣ ጥጃ ይመልስ። ነገሩ የሚበላሸው ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ትምህርቱን ሲጥል ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ገደቡ 14 ዓመት ነበር። 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልደረሰው ወጣት መቀጠር ይችላል። ነገር ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። የሥራ ሰዓት ደንቡን የጣሰ አሠሪ መቀጮ አለበት።

ታዲያ መቀጮ አለ ከተባለ ልጆቹ ለምን ይቀጠራሉ? እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሻይ ቤት ለዐዋቂ በወር 3,000 ብር፣ ለልጅ ግን 1,000 ብር ይከፍላል እንበል። በወር 2,000 ብር ይተርፈዋል። በ12 ወር 24,000 ብር ይሆናል። መቀጮው ከዚህ ካነሰ ባለቤቱ እንደ ቤት ኪራይ ቆጥሮ ይከፍለዋል። መቀጮው ቢበልጥስ? ተቆጣጣሪ ካልመጣ ምን ያስፈራዋል! እኛ እንደምናስበው ከመቀጮው ብዛት ይልቅ ተቆጣጣሪው መምጣቱ ይበልጥ ያስፈራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአገራችን ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው 43 ያህሉ ለልጅ በማይገባ ሥራ ላይ ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ያሉት በእርሻና በከብት ጥበቃ ነው። ተቆጣጣሪ ግን ፋብሪካ እንጂ ተራራ አይወጣም። እረኛውን የሚያየው ጎረቤት ነው፤ እናንተ ናችሁ።

የቤት ሠራተኛዋ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ሊደፈን ይገባል እንላለን። ቢሆንም አሠሪዋ እንዳሻው ያድርጋት ማለት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 576 አለ። ልጅ በእጁ ያለ ሰው ቢደበድበው፣ ቢበድለው ወይም ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ይቀጣል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ቅጣቱም ይከብዳል። እዚህ ላይ የሚቀጣው አሠሪው ነው። ልጁ አይከሰስም። ስለዚህ «ልጄን ያስሩብኛል» ብላችሁ አትደብቁ፤ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ አመልክቱ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የዕድሜ ማስረጃ ነው። አሠሪው «ልጁ እኮ 16 ዓመት ሞልቶታል» ቢል በምን እንረታዋለን? በልደት የምስክር ወረቀት ነው። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ወረቀት የላቸውም። እነሱንም ማስመዝገብ ይቻላል፤ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ወረቀቱ ያላችሁ በሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። ስሙንና የልደቱን ቀን አብረን እናነባለን።