ኬብል የሚጎትተው ልጅም ይማር

በቀጥታ ስርጭት ላይ ኬብል የሚጎትት አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ሊጠይቀኝ መጥቶ ስንጫወት፣ "ቲቸር፣ ምስል ሲጠፋ የፋይበሩን ጫፍ ወደ ዓይናችን አስጠግተን እናያለን፤ ብርሃን ከሌለው ተበላሽቷል ማለት ነው" አለኝ። ደነገጥኩ። ፊዚክስ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ!

ልጆች፣ በዚያ ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ሌዘር ኢንፍራሬድ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1310 ናኖሜትር አካባቢ። ዓይን አያየውም። ጨለማ ሆኖ ታያችሁ ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዓይናችሁም ስላላየው አይጨፈንም።

ደግሞ ያ ወፍራም የካሜራ ኬብል ፋይበር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሁለቱ ፋይበሮች ጎን ለካሜራው ኃይል የሚያደርሱ የመዳብ ሽቦዎች አሉ፤ ቮልቴጁ ከቤት ሶኬት ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ከሲሲዩው ኃይል ይጥፋ፣ ከዚያ ይነቀል።

ጫፉን በአፍ እፍ ማለትማ ልማድ ሆኗል አሉ። የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮሜትር ነው፣ ከፀጉር በጣም ይቀጥናል። ትንሽ ምራቅ ወይም አቧራ ምስሉን ልታጠፋው ትችላለች። ብናኝ የማይተው መጥረጊያና አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል፤ እንደተነቀለ ደግሞ ክዳኑ ይገጠም።

እኔ ልጆቹን አልወቅስም። ካሜራማኑ ስልጠና ይላካል፤ ጫፉን በእጁ የሚነካው ልጅ ግን "ያዝ! ጎትት!" ብቻ ነው የሚባለው። ግማሽ ሰዓት ማስረዳት ምን ያስከፍላል? እዚያው ሙያ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ከስራ በፊት ሰብስባችሁ አሳዩአቸው።

ልጁ ቅዳሜ ሌላ ስርጭት አለው። ክዳኖቹ የት እንዳሉ ብጠይቀው "የምን ክዳን?" አለኝ።