ላይብረሪው መቼ ይጫን፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ ወይስ ሲፈለግ?

አንደኛው ጸሐፊ፦ ሲፈለግ ብቻ

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤክስዜድ መጭመቂያ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር ይፋ አደረገ። ያነቃው ጥቂት መዘግየት ነው፤ በ0.299 ሰከንድ ያልቅ የነበረው የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያው ፕሮግራም) ሙከራ 0.807 ሰከንድ ፈጀ። ለአደጋው ክብደት 10 ከ10 ተሰጠው።

ኤስኤስኤችን ከመጭመቂያ ጋር ምን አገናኘው? የሊኑክስ ስርጭቶቹ ዴቢያንና ፌዶራ «ተነስቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት አገልግሎቶችን ለሚያስነሳው ለሲስተምዲ እንዲልክ ብለው ከሲስተምዲ ላይብረሪ ከሊብሲስተምዲ ጋር አያያዙት፤ ሊብሲስተምዲ ደግሞ የኤክስዜድን ላይብረሪ ጎትቶ አመጣ። ለአንዲት መልእክት ሲባል ባዕድ ኮድ ከነሙሉ ሥልጣኑ ሜሞሪ ውስጥ ገባ። የሲስተምዲ ሰዎች በሩ ከመገኘቱ በፊት በጀመሩት ማሻሻያ መጭመቂያዎቹ ሲፈለጉ ብቻ እንዲጫኑ አደረጉ፤ ሰኔ 2016 በቨርዥን 256 ወጣ።

ድሩ ዴቮልት የተባለ ፕሮግራመር በ2012 ዓ.ም. በራሱ ማሽን ላይ ሲለካ፣ ፕሮግራሞች ከተያያዟቸው ላይብረሪዎች በአማካይ የሚጠቀሙት 4.6 በመቶውን ብቻ ሆኖ አገኘው። የቀረውን ለምን እንሸከማለን?

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ በሩ ላይ ይናገር

አንድ ዓመት ሰኔ 30 ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ፕሮግራማችን በአሥራ ሁለቱም ሰርቨሮች ላይ በሰላም ተነስቷል። ሂሳብ ሊዘጋ ሪፖርቱን የሚጨምቀው ላይብረሪ ሲጠራ ግን ሦስቱ ላይ የለም። ከወራት በፊት «ሲፈለግ ይጫን» ተብሎ ተቀይሮ ስለነበር ጉድለቱን ያየ አልነበረም። የሂሳብ ሹሟ እስኪነጋ ከወንበሯ ሳትነሳ ጠበቀችን።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፕሮግራም የሚያስፈልገው ከጎደለ «አልነሳም» ይበል። የሚደገፍበትን ደብቆ የሚነሳ ታማኝ አይደለም።

የአንደኛው መልስ

«ደብቆ» የሚለውን አልቀበልም። ሲስተምዲ ከቨርዥን 256 ጀምሮ ሲፈለጉ የሚጫኑትን ላይብረሪዎች ስም ኮምፓይል በተደረገው ፋይል ውስጥ በግልጽ ያሰፍራል፤ ያሻው ያነበዋል። ይህን «መደበቅ» ብሎ መጥራት የሰው ልፋት መካድ ነው።

የሁለተኛው መልስ

4.6 በመቶ! ያን ሌሊት የጎደለችን አንዲት ተግባር ነበረች፤ በመቶኛ ብትለካ ከቁጥር አትገባም። ሥራው ግን በእሷ ቆመ። ዝርዝሩ መጻፉ መልካም ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሲነሳ ካላነበበው ግን ለማን ተጻፈ?

ኮድ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ አጫጫኑን ስትቀይሩ ፍተሻውን መነሻው ላይ አድርጉት። የሌሊቱን ተረኛ አስቡ።