ከቀለሙ በፊት ዝገቱ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

 ስለ አሮጌ መኪኖች እድሳት ያለኝ አሳብ ለክቡራን አንባብያን፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያገለግሉ ወገኖቼ እንዲደርስልኝ፣ በጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአጎቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። አጎቴ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ገዝተው በአንድ ጋራዥ አሳደሱ። ላሜራው ተቃንቶ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ሲያዩት መኪናው ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር። ቀለሙን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስንጓዝ፣ የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋራ የሚያያዝበት ብረት ተገንጥሎ መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። እግዚአብሔር ጠብቆን በመንገዱ ዳር ባለው ድንጋይ ተደግፎ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት የእኅቴ ሁለት ልጆች ነበሩ። መካኒኩ መጥቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ ቢያደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈርፍሮ ደረቅ ጭቃና የዝገት ቅርፊት ከውስጡ ፈሰሰ።

ብዙ ሰው «ላንድሮቨር አይዝግም» ሲል ይሰማል። ይህ እውነትነቱ ግማሽ ነው። እንግሊዞች ይህን መኪና በ1940 ዓ.ም. ለገበያ ሲያወጡት የላይኛውን አካሉን ከአሉሚኒየም አደረጉት፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ያውም ውስጡ ባዶ ሣጥን ስለ ሆነ የገባው ጭቃና ውሃ ቶሎ አይወጣም። ቮልስዋገንም የራሱ ደካማ ስፍራ አለው። የድሮዋ ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ፣ የሚያፈስሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚያሳድስ ሰው ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት ዐይን የማያየውን ነው።

ዝገት ማለት ብረት ከአየርና ከውሃ ጋራ ሲገናኝ የሚደርስበት ለውጥ ነው። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል፤ ከአፋር ጨው ጭነው የሚወጡ መኪኖች ባለቤቶች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በላዩ የተቀባውን ቀለም ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል። በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቍስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው። ካትራሜም ቢሆን በዛገ ብረት ላይ ከተቀባ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያድንም።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የብረት አልጋዎቻችንን እንፍቅ ነበር። የእጅ ሥራ መምህራችን ሳይፍቅ ቀለም የቀባ ተማሪ ባገኙ ጊዜ፣ የቀባውን አስለቅቀው እንደ ገና ያስጀምሩት ነበር። ያን ጊዜ ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥበባቸው ገብቶኛል።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ያህል ረቂቅ አይደለም። መጀመሪያ መኪናው ከሥሩ በደንብ ይታጠብና ይደርቅ፤ የበሰበሰው ብረት ተቈርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ፤ የቀረው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። በቀዳዳዎች ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ወደማይባላ ሽፋን ይለውጠዋል። ከዚያ ዚንክ ያለበት አንቲረስት፣ በላዩም ቀለም ይቀባል። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል፤ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ዕድሜ የሚያገኘው በዚሁ በዚንክ ልባስ ነው። በመጨረሻም እንደ ሻንሲና በር ባሉ ባዶ አካላት ውስጥ ሰም መሰል ጸረ ዝገት ቅባት ይረጫል፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ይከፈታሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሚፍቀው ሠራተኛ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

አንዳንዶች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር ይረጫሉ። ለጊዜው ብረቱን ቢጠብቅም ጎማ ነክ ዕቃዎችን ያበላሻል፤ ዝናብም አጥቦ ይወስደዋል። የእኛ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የሌለው ውሃ ነውና፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። መኪናችንን ለማዳን ብለን ዓሣችንን መመረዝ አይገባንም።

ምናልባት «አሮጌ መኪና ምን ያደርጋል? ይጣል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በበንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ጠብቆ መያዝ ግዴታ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የብዙዎቹ አካል ብረት ነውና ከዝገት ነጻ አይደለም። ደግሞም አሮጌ መኪና የታሪክ ምስክር ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የመጓጓዣችን ታሪክ በእነዚህ ብረቶች ላይ ተጽፏል።

የውጫሌ ውል በአምባሰል በተፈረመበት በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የኤፌል ግንብ ተመረቀ። ውሉ ከፈረሰ ዘመን የለውም፤ የብረቱ ግንብ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ምሥጢሩ በየሰባት ዓመቱ ገደማ አሮጌው ቀለም እየተፋቀ 60 ቶን ያህል አዲስ ቀለም ስለሚቀባ ነው። ፈረንሳዮች ዝገትን የሚጠብቁት ሳይመጣ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር በቅሎባቸው የቆሙ መኪኖችን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቹን ያቆማቸው ሞተር አይደለም፤ ዝገት ነው። የንብረትና የስምሪት ኀላፊዎች በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ መኪኖቹን ከሥር አስመርምረው ጸረ ዝገት እንዲያስቀቡ፤ ለእድሳት የሚያስገቡትንም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ራቁቱን ሳለ ቀርበው እንዲያዩት አሳስባለሁ። የግል ባለ መኪናም ለጋራዡ «ቀለሙን ሳትጀምር ጥራኝ» ይበል። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ ሐቀኛ ባለሙያም አይቀየምበትም።

የአጎቴ መኪና ሻንሲው ተበይዶ፣ ከውስጥም ከውጭም ተቀብቶ ዛሬ ይሠራል። ወጪው ግን መጀመሪያ ቢደረግ ኖሮ ከሚወስደው በእጅጉ በለጠ። አጎቴም አሁን ማንም ሰው ቀለሙን ሲያደንቅላቸው «ቀለሙን ተወውና ጎንበስ ብለህ እይ» ይላሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ከአክብሮት ጋራ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ