ቤት፣ ጎረቤትና ወሰን

ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ነገሮች አንዱ መጠለያ ነው። ምግብ ለዕለት ያኖራል፤ ልብስ ገላን ይሸፍናል፤ ቤት ግን ቤተሰብን አንድ ላይ ሰብስቦ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻግራል። ስለዚህም ሰው ጥቂት ጥሪት በቋጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚመኘው የራሱ የሆነ ጣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን አይቆምም። በተለይም በከተማ መካከል በሚገኝ ጠባብ ሰፈር የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው፤ ከአንዱ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ በሌላው ደጅ ያልፋል፤ የአንዱ ጢስ የሌላውን ዓይን ያስለቅሳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ጋር ጎረቤቱንና ወሰኑንም ይረከባል። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ገዢ ሌሎቹንም ለማጣት የተቃረበ ነው።

የዚህን አባባል እውነትነት ለመረዳት ወደ ኢትዮጵያና ሱዳን ጠረፍ መመልከት ይጠቅማል። በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በዙሪያዋ በትራክተር የሚታረሱ ሰፋፊ እርሻዎች ስለተስፋፉ፣ ለአረምና ለአጨዳ የሚፈለገው የሰው ጉልበት ብዙ ሆነ። ከኢትዮጵያም ብዙ ሠራተኞች በመተማና በሑመራ በኩል እየተሻገሩ በዚያ የቀን ሥራ ሠርተዋል። በጦርነትና በረኀብ ዘመንም ስደተኞች ወደዚያው ጎርፈዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከመጠለያ ጣቢያ ይልቅ በከተማው ውስጥ መኖርን መርጠው፣ ሻይና ቡና እየሸጡ ወይም በእጅ ሙያቸው እየሠሩ ሰፈርተኛ ሆኑ።

ሰፈርተኛ መሆን ግን ባለቤት መሆን አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ በአገሪቱ ውስጥ የመሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር የሚኖርና ገንዘብ ያጠራቀመ ስደተኛ ሁለት መንገዶች ብቻ ይቀሩታል፤ ዕድሜ ልኩን በኪራይ መኖር፣ አለዚያም በሚያምነው የአገሩ ተወላጅ ስም ቤት መግዛት። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ስሙን ያዋሰው ደግ ሰው አንድ ቀን ያርፋል። ወራሾቹ በመዝገብ ላይ የአባታቸውን ስም እንጂ የስደተኛውን ድካም አያገኙም። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የተለፋበት ቤት በአንድ ቀን የሌላ ይሆናል፤ ስደተኛውም አቤት የሚልበት ደጅ ያጣል።

ተከራይም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ብዙ ሱዳናውያን በገዳሪፍ ተጠለሉ። ፈላጊው ሲበዛ የቤት ኪራይ ናረ፤ ቀድሞ በጠባብ ክፍል ይኖር የነበረው ድኻም ይበልጥ ተጨነቀ። በዋና ከተማው ባለቤት የነበረው በጠረፍ ከተማ ተከራይ ሲሆን ታየ። ይህም ቤት ምን ያህል ክቡር፣ ምን ያህልም በቀላሉ የሚታጣ ነገር እንደሆነ ያስገነዝባል።

አንዳንድ ሰዎች በጠባብ ሰፈር ለሚኖር ሰው ጎረቤት ከወረቀት ይበልጣል ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክራቸውም መሠረት የለውም አይባልም። በኢትዮጵያ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። በዐረቦችም ዘንድ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን ማየት እንደሚገባ የሚመክር አባባል አለ። ጎረቤት ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ልጅ ሲታመም ይሸከማል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ይተክላል። ዕድርና ዕቁብም ከዚሁ መተማመን የተወለዱ ናቸው። ስለሆነም እነዚህ ሰዎች «በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ውል መጻፍ ነውር ነው፤ ፍቅርን ያሻክራል» ይላሉ።

ይህ አስተያየት ግን ግማሽ እውነት ነው። መተማመን በሁለት ሕያዋን ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ሲያልፉ ወይም ሰፈሩን ሲለቁ አብሮ ያልፋል። ቤቱ ግን ይቀራል። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህን በማስተዋል ነው። ጽሑፍ ወዳጅነትን አያሻክርም፤ እንዲያውም ወዳጆችን ከወራሾቻቸው ጠብ ይጠብቃል።

የኢትዮጵያ ሕግም በዚህ ረገድ ግልጽ አቋም ይዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ እንደማይጸና ደንግጓል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍም በሁለት ምስክሮች ፊት መረጋገጥ እንዳለበት አመልክቷል። ከዚህም ጋር የከተማ ቦታ ታሪክ መዘንጋት የለበትም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችም በቀበሌዎች ሥር ዋሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነግግ፣ ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቤት ግን ባለመብት መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በመተማ ዮሐንስ ወይም በአዲስ አበባ «መሬት እሸጣለሁ» የሚል ሻጭ ሕግ ያልሰጠውን እንደሚሸጥ ገዢው ሊያውቅ ይገባል። የቀበሌን ቤት እንደ ግሉ የሚሸጥም እንዲሁ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀት ብቻ ይበቃል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ለዚህ ከፋሽጋ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ፋሽጋ በሱዳናውያን ዘንድ ሰቲት በሚባለው በተከዜና በአትባራ ወንዞች መካከል የሚገኝ ለም መሬት ነው። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወሰን ውል ተፈራረሙ። ውሉ በጽሑፍ ነበር። ነገር ግን በተከታዩ ዓመት የእንግሊዙ መኰንን ቻርልስ ግዊን በምድሩ ላይ ምልክት ሲያደርግ የኢትዮጵያ ተወካዮች አብረውት አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስለ ጉዳዩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ዳሩ ግን ጉዳዩ ፍጻሜ አላገኘም። ገበሬው ግን ዝናብ አይጠብቀውምና ማረሱን ቀጠለ። ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለዐሥርተ ዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ሲያመርቱበት ከኖሩ በኋላ፣ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ ቦታው ገባ። ብዙ ገበሬዎችም ሰብላቸውንና የእርሻ ካምፓቸውን ጥለው ለመሸሽ ተገደዱ።

የአገር ወሰንና የግቢ አጥር በስፋት ይለያያሉ እንጂ በባሕርይ አንድ ናቸው። ጎረቤት በሌለበት የተተከለ ችካል ለጠብ የተተከለ ነው። ዛሬ ያስተከለው ሰው አሸናፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ክርክሩን ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል። አንድ ክንድ ለማትሞላ መተላለፊያ ሁለት ቤተሰቦች ዓመታት ሲካሰሱ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ ልኬቱ ሲለካ አንደኛው ወገን ስላልተጠራ ነው። ስለሆነም እውነተኛ ወሰን ሁለት ነገሮችን ይሻል፤ የሁለቱም ወገኖች መገኘትንና የጽሑፍ ማስረጃን። ጎረቤት ያለ ጽሑፍ ይረሳል፤ ጽሑፍም ያለ ጎረቤት አይከበርም።

«እንግዲያውስ በጠረፍ ከተማ ቤት መግዛት ምን ይረባል? ገንዘብን በከብት ወይም በወርቅ መያዝ አይሻልምን?» የሚሉም አሉ። ጠረፍ ለጦርነት የተጋለጠ መሆኑ አይካድም። መተማ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባት ምድር ናት። ሆኖም ሰው ሁሉ ጥሪቱን በኪሱ ይዞ ለመሸሽ የሚጠባበቅ ከሆነ ሰፈር አይቀናም። ዛፍ የሚተክል፣ የውሃ መውረጃ የሚቆፍር፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት የሚወተውት በቦታው ለመኖር የቆረጠ ሰው ነው። የጠረፍ ከተማም የሚጸናው እንዲህ ባሉ ነዋሪዎች ነው።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሻጩን ካርታ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጋር ያመሳክር፤ ቤቱም ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ይጠይቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱንም ፈቃድ ይሻ። በደላላ አንደበት ብቻ አይመን። ቀጥሎም አዋሳኞቹን በሙሉ ጠርቶ በፊታቸው ያስለካ። ከገባ በኋላም የባለቤትነት መብት ግዴታ እንዳለበት ያስታውስ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለቤት በጢስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታና በድምፅ ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላልና። ዕድር ይግባ፤ የታመመ ይጠይቅ፤ ተከራይ ጎረቤቱንም አይናቅ። ዛሬ ተከራይ የሆነው ትናንት በሌላ አገር ባለቤት የነበረ ሊሆን ይችላል።

በገዳሪፍ ሰፈሮች ያለ ወረቀት የኖረው ስደተኛና በፋሽጋ ማሳ ላይ ያለ ጽኑ ወሰን ያረሰው ገበሬ አንድ ነገር ያስተምራሉ። ጉልበትና ትጋት ብቻቸውን ንብረትን አያጸኑም። ድኻ ላቡን ያፈሰሰበትን ጎጆ ለልጁ ማውረስ የሚችለው ሕግ ሲያውቀውና ጎረቤት ሲመሰክርለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ለዜጎች ሁሉ፣ በተለይም ለደካማው ማዳረስ የእያንዳንዱ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን የመንግሥታትም ግዴታ ነው።