የሙቀት መርፌው ሲዋሽ



ስግድ ባለፈ በሳምንቱ አንድ ወጣት ደጃፋችንን አንኳኳ። እዚሁ አሽዶድ ያገለገለ ቫን ገዝቶ ዕቃ በማመላለስ ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ ነው። ቫኑን የገዛው ግማሹን ቆጥቦ፣ ግማሹን ከዘመድ ተበድሮ ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ሙሳኩ ቴስታታው ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ቫኑን ከገዛሁበት ግማሽ ይሆናል» አለኝ። (ቴስታታ የምንለውን እዚህ አገር ሮሽ ማኖዓ ይሉታል።)

እኔም፣ «ልጄ፣ መርፌው ቀይ ላይ የደረሰው ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንድ ጊዜ?» ስል ጠየቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለስግድ እናቱን ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ፣ ሻዓር ሃጋይን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር መርፌው ባንድ ጊዜ ዘሎ ቀዩን ነካ። ልጁ ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። እናቱን ከአሽዶድ የሚወጣ የዘመድ መኪና አሳፍሯቸው ለጸሎቱ ደረሱ። እሱ ግን ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር መርፌው ይወርዳል፣ ዳገቱን ሲጀምር ይዘላል። በመቆሙ አመሰግነዋለሁ። መርፌው ይዋሽ አይዋሽ ሳይታወቅ «ግድ የለም» ብሎ መንዳት ሞተር ያስበላል።

ነገር ግን እናስተውል። በሞተሩ ውስጥ ብዙ ሊትር ውሃ አለ። ድስት ውሃ እሳት ላይ ጥዶ በዐይን ጥቅሻ ሲፈላ ያየ የለም። ውሃው በእርግጥ ሲሞቅ መርፌው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ይወጠራል፣ እንፋሎት ይታያል፣ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ከዜሮ ወደ ቀይ የሚዘል መርፌ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነገር ነው።

ሙቀቱን ለመርፌው የሚናገረው ሐይሻን የሚባል የጣት ጫፍ የሚያህል ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ያግዳል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። ስለዚህ ሽቦው ቢበጠስ ወይም መጋጠሚያው ቢዝግ፣ ኤሌክትሪኩ ስለማያልፍ መርፌው «ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ሽቦው ተልጦ የሞተሩን ብረት ቢነካ ደግሞ ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ ስለሚያልፍ «ተቃጠልኩ» ይላል። ይህችን ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

በልጁ ቫን ላይ፣ እንደ ብዙዎቹ አሮጌ ቫኖች፣ ሁለት ሐይሻን አለ፤ አንዱ ለመርፌው፣ ሌላው ለኮምፒዩተሩ። አንድ ወዳጄ የኮምፒዩተር ማንበቢያ ስላለው ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት አገናኘነውና ዳገት ፈልገን ነዳን። መርፌው ቀይ ላይ ዘለለ፤ ኮምፒዩተሩ ግን 88 ዲግሪ አለ። ይህ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሽቦውን በእጃችን ተከትለን ብንሄድ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ አገኘነው። ሞተር ዳገት ላይ ሲጫነው በመቀመጫው ላይ ዘንበል ይላል፤ ያን ጊዜ የተላጠው ሽቦ ብረቱን ይነካል። በሜዳ የማይታየው ለዚህ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ቀየርንለት። ሙሳኩ ይዋሽ ይቸኩል አልፈርድም፤ ነገር ግን ሞተር ክፈት ከማለት በፊት ሽቦ ማየት ይገባ ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፤ ከዚህ የባሰ ነውና። ከዓመታት በፊት የነበረኝ ቫን መርፌው ሁልጊዜ ታች ነበር። «የኔ ሞተር አይሞቅም» እያልሁ እኮራ ነበር። አሽዶድ የባሕር ከተማ ናት፣ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የሐይሻኑ መጋጠሚያ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ነበር። በአንድ የሐምሲን ቀን የውሃ ጎማ ተበሳ፣ ውሃው አለቀ፣ መርፌው ግን ንቅንቅ አላለም። እውነተኛውን ቴስታታ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሐይሻኑ ደህና ቢሆን እንኳ ውሃው ከሱ በታች ከወረደ የሚለካው አየርና እንፋሎት ስለሆነ ቀዝቃዛ ሊያሳይ ይችላል። ቀይ የሚል መርፌ ያስደነግጣል እንጂ ያስቆማል። ዝም የሚለውን ፍሩ።

ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ። ማንበቢያ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ከማስነሳት በፊት የሞተሩ ሙቀት ከውጭው አየር ጋር መቀራረብ አለበት። 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካለ ሽቦው ወይም ሐይሻኑ ተቋርጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በሔርሞን ተራራም የለም።

ሐይሻኑን ራሱን ለመመርመር የምትፈልጉ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ፣ ጫፉን ውሃ ባለበት ድስት ነክራችሁ በኦም መለኪያ እዩት። በብዙ አውሮፓ ሠራሽ ቫኖች የኮምፒዩተሩ ሐይሻን በ20 ዲግሪ ወደ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300፣ ውሃው ሲፈላ ከ200 በታች ያሳያል። እዚህ ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በጎንደር ግን ከፍታው ስለሆነ ወደ 93 ነበር። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ወይም ከዘለለ ሐይሻኑ ይቀየር። ድስቱ ወደ ወጥ አይመለስም፤ የራዲያተሩ ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ከልጆችም አርቁት።

ክዳኑን ሞተሩ ሲሞቅ ፈጽሞ እንዳትከፍቱ። ውሃው ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲላላ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይመጣል። ቢጫውን ሰደርያ ልበሱ፣ ሰዎቹን ከመንገዱ አርቁ፣ ክዳኑ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ጠብቁ።

አንዲት አንባቢ ደግሞ የቫናቸው ሰሌዳ «ውጭ 46 ዲግሪ» እንዳላቸውና ማዝጋኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። የውጭው ሐይሻን ብዙ ጊዜ ከፊት መከላከያው ጀርባ ስለሆነ ቫኑ ሲቆም የሚለካው የአስፋልቱንና የሞተሩን ትኩሳት ነው። ትንሽ ቢነዱ ይወርዳል።

ሙሳክ ስትገቡ «ቲቭዶክ ኮዴም ኤት ሃሐይሻን» በሉ፤ ሐይሻኑን መጀመሪያ መርምር ማለት ነው። ዕቃ ከቀየሩ አሮጌውን ጠይቁ፦ «አኒ ሮጼ ኤት ሀሔሌክ ሀያሻን»፤ ሴት ከሆናችሁ «ሮጻ» ነው። ዋጋውንም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስለ ዓመታዊው ቴስት ዝግጅት የጠየቃችሁን አልረሳነውም፤ በሚቀጥለው ዕትም እንመጣበታለን።